ለልብ የተሰጠ ኪኒን በሆድ ያደረሰው ቁስል፤ የአስፒሪን ታሪክ ከያዮ ሲታይ

በአማርኛ ከደረት አጥንት በታች ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ «አፈ ልብ» እንለዋለን። በዚያ ስፍራ ያለው ግን ልብ ሳይሆን ጨጓራ ነው። ከልብ የመጣ ሕመምም ከጨጓራ የመጣ ሕመምም እዚያው ሊሰማ ስለሚችል፥ ሕመምተኛው «አፈ ልቤን ወጋኝ» ሲል ከሁለቱ የታመመበት የትኛው እንደ ሆነ በቃሉ ብቻ ለመለየት አይቻልም። ይህም የእኛ ቋንቋ ጉድለት ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ልብንም የጨጓራንም የላይ አፍ «ካርዲያ» በሚል በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር፤ የዛሬዎቹም የአካል ጥናት መጻሕፍት የጨጓራን የላይኛውን በር ካርዲያ ማለትን አልተዉም።

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል የሆነውን አንድ ታሪክ ይመለከታል። ታሪኩም ለልብ የሚሰጥ መድኃኒት ጨጓራንና አንጀትን እንደሚያቆስል በምን መንገድ እንደ ታወቀ፥ ለመታወቅም ስለ ምን ብዙ ዘመን እንደ ወሰደ ነው። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ አስፒሪንን እንከተላለን። አስፒሪን ስሙን የማያውቀው ሰው ጥቂት ከመሆኑም ሌላ፥ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ሲወለድ ለልብ ተፈርቶ ለሆድ የታመነ መድኃኒት ነበር፤ ካረጀ በኋላ ግን ለልብ የታመነ፥ ለሆድ የሚፈራ ሆነ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን የምናየው ከያዮ ሆነን ነው። ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና አገር ስትሆን፥ በቀድሞው በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፥ በዛሬው በኢሉ አባ ቦር ዞን ውስጥ ናት። ቡና የሰው እጅ ሳይተክለው በጫካ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዷ በመሆኗ፥ ወደ 167,000 ሔክታር የሚሆነው ደንና አካባቢው በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። የአስፒሪንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ለንደን፥ ስለ በርሊንና ስለ ካሊፎርኒያ ይናገራሉ እንጂ ስለ ያዮ አያነሡም። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ጥቅምና ጉዳቱ ጎን ለጎን ቆመው የሚፈተኑት እንደ ያዮ ባለ ስፍራ ነው፤ ስለ ምን እንደዚህ እንዳልን ታሪኩን ከተረክን በኋላ እንመለስበታለን።

ታሪኩ ከአንድ ዛፍ ይጀምራል። በአገራችን ወንዞች ዳር የሚበቅለውን፥ በአማርኛ «አሃያ» በኦሮምኛ «አለልቱ» የሚባለውን ዛፍ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእርሱ ዘመዶች በአውሮፓም ወንዞች ዳር ይበቅላሉ። በእንግሊዝ አገር በቺፒንግ ኖርተን የነበሩ ኤድዋርድ ስቶን የተባሉ ቄስ የዚህን ዛፍ ቅርፊት ቢቀምሱት እጅግ መራራ ሆኖ አገኙት። በዚያ ዘመን ለወባ ትኩሳት መድኃኒት ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ በውድ ዋጋ የሚመጣው የሲንኮና ቅርፊትም መራራ ነበርና፥ «ይህም እንደዚያ ያደርግ ይሆናል» ብለው አደረቁት፥ ፈጩት፥ ትኩሳት ለያዛቸው 50 ለሚሆኑ ሰዎችም ሰጡት። ያገኙትንም ውጤት በ1763 በለንደን ለነበረው የነገሥታት የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ አስታወቁ። መራራ ነገር መድኃኒትነት አለው የሚለው አሳብ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ኮሶ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1828 ዮሐን ቡክነር የተባሉ የሙኒክ ሊቅ መራራውን ንጥረ ነገር ከቅርፊቱ ለይተው አወጡና ሳሊሲን አሉት። ከዚያም የጀርመን ኬሚስቶች ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለውን በፋብሪካ ለመሥራት ቻሉ። ለልብ ታሪክ ግን ዋናው ዓመት 1876 ነው። በዚህ ዓመት ቶማስ ማክላገን የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪም በደንዲ ከተማ፥ ሌሎችም ሐኪሞች በበርሊን፥ እነዚህን መድኃኒቶች መገጣጠሚያን አሳብጦ ብርቱ ትኩሳት ለሚያመጣው ለሩማቲዝም በሽታ ሰጥተው ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲበርድ አዩ። ይህ በሽታ ይልቁንም ልጆችን የሚይዝ ነው። መገጣጠሚያን ለጊዜው ያሳምምና ይተዋል፤ ልብን ግን አቍስሎ ጠባሳውን ይተውበታል። እንግዲህ የአስፒሪን ወላጅ የሆነው መድኃኒት ከልብ ሕመም ጋር የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ትኩሳቱንና እብጠቱን ቢያበርድ የልብን በሮች ከጠባሳ የማያድናቸው መሆኑ ኋላ ቢታወቅም።

ለሩማቲዝም ይሰጥ የነበረው መጠን እጅግ ብዙ ነበር፤ በቀን በብዙ ግራም ይቈጠር ነበር። ሕመምተኞቹም ጆሮአቸው ይጮኻል፥ ያቅለሸልሻቸዋል፥ አፈ ልባቸውን ያቃጥላቸዋል። ሐኪሞቹ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የፈሩት መድኃኒቱ ልብን ያደክማል ብለው ነው። በባየር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድን ንጹሕ አድርጎ በሠራ ጊዜ ክርክሩ ይህን ይመስል ነበር። ስለ ሆፍማን የሚነገረው፥ አባቱ በሩማቲዝም ይሠቃዩ ስለ ነበረና የቀድሞው መድኃኒት ጨጓራቸውን ስላወከው፥ ልጁ የሚሻል ነገር ፈለገላቸው የሚል ነው። አርተር አይሸንግሩን የተባሉት የኩባንያው ኬሚስት ግን በ1949 ባወጡት ጽሑፍ ሥራው በእርሳቸው መሪነት የተሠራ መሆኑንና አይሁዳዊ በመሆናቸው በናዚዎች ዘመን ስማቸው እንደ ተሰወረ ገልጸዋል። በዚህ ክርክር ለመፍረድ አሁን ቦታው አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፥ ሁለቱም ወገኖች አዲሱ መድኃኒት የተፈለገው ጨጓራን እንዳያውክ ተብሎ መሆኑን መናገራቸው ነው።

እንግዲህ ተገላቢጦሹን እንመልከት። የኩባንያው የመድኃኒት መርማሪ የነበሩት ሃይንሪክ ድሬሰር አዲሱን መድኃኒት በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም ልብን ይጎዳል የሚል ነበር። ኋላ አሳባቸውን ለውጠው፥ መድኃኒቱ በ1899 «አስፒሪን» በሚል ስም ለገበያ ወጣ። የልቡ ፍርሃት ግን ከሰው አሳብ ቶሎ አልጠፋም፤ በ1920ዎቹ በአሜሪካ ጋዜጦች የወጡት የአስፒሪን ማስታወቂያዎች መድኃኒቱ ልብን የማይነካ መሆኑን ለገዢው ያረጋግጡ ነበር። ስለ ጨጓራ ግን ማረጋገጫ የጠየቀ አልነበረም፤ የተሠራው ለእርሱ ተብሎ ነዋ!

እንዲህ ሆኖ ወደ 40 ዓመት ያህል አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አስፒሪን ወስደው ደም ያስታወኩ ሰዎች አልነበሩም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የጨጓራ ሕመም ብዙ ምክንያት አለው፤ ጭንቀትም፥ መጠጥም፥ በርበሬም ይከሰሳል፤ ሕመምተኛው ኪኒኑን የዋጠው ለራስ ምታቱ ስለ ሆነ ለሐኪሙ ሳይነግረው ይቀራል። የሆድን ውስጥ በዓይን አይቶ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህ የተቻለው ሩዶልፍ ሺንድለር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በ1932 ከፊሉ የሚታጠፍ የጨጓራ መመልከቻ መሣሪያ ካሠሩ በኋላ ነው። በ1938 በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪሞች ዳውዝዌይትና ሊንቶት ለሕመምተኞች አስፒሪን ሰጥተው በዚህ መሣሪያ ወደ ውስጥ ቢመለከቱ፥ የኪኒኑ ፍንጣሪ ያረፈበት የጨጓራ ግድግዳ ቀልቶና ደም አዝሎ አዩት። ውጤቱን ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡ። ጨጓራን ለማዳን የተሠራው ኪኒን ጨጓራን ሲያቆስል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ ማለት ነው።

ወዲያው የተለወጠ ነገር ግን ብዙ አይደለም። ዓለም ወደ ጦርነት ገባች፤ አስፒሪንም መሸጡን ቀጠለ።

አሁን ወደ ልብ እንመለስ። ሎረንስ ክሬቨን በካሊፎርኒያ ግዛት በግሌንዴል ከተማ የሚሠሩ ሐኪም ነበሩ። ቶንሲላቸውን በቀዶ ጥገና ላወጡ ሕመምተኞች ለሕመም ማስታገሻ አስፒሪን ያለበት ማስቲካ ያዙላቸው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ማስቲካውን አብዝተው ያኘኩት ደማቸው አልቆም እያለ ሲያስቸግራቸው አዩ። ሌላ ሐኪም ቢሆን መድኃኒቱን ይከለክል ነበር፤ እርሳቸው ግን «ደምን እንዳይረጋ የሚያደርግ ከሆነ፥ ልብን የሚገድለው በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም አይደለምን?» ብለው አሰቡ። ከ1950 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች አስፒሪን በየቀኑ የሰጧቸው ጎልማሶች በልብ ድንገተኛ ሕመም እንዳልተያዙ ተናገሩ፤ በ1956 ባወጡት ጽሑፍ ቁጥሩ ወደ 8,000 ሰው ደርሶ ነበር። መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሰዎች ጋር አላነጻጸሩም፤ ጽሑፎቹም በትናንሽ መጽሔቶች ስለ ወጡ ማንም አላዳመጣቸውም። እርሳቸውም ራሳቸው በ1957 በልብ ሕመም ሞቱ።

ልብ ማለት የሚገባው፥ ክሬቨን ጥቅሙን ያገኙት ከጉዳቱ መሆኑ ነው። የደሙ አለመቆም በጉሮሮ ሲታይ ጉዳት ነው፤ በልብ ደም ሥር ሲሆን መድኃኒት ነው፤ በጨጓራ ቁስል ላይ ሲሆን ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ስፍራው ብቻ ይለያያል።

በዚያው ዘመን በሌሎች የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች የተገኘውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በ1952 ከሕንድ አገር ሥር የወጣው ሬዘርፒን የደም ግፊትን በማውረድ ዝናው ወጣ፤ ነገር ግን የጨጓራን አሲድ ስለሚያበዛ የጨጓራ ቁስለት ላለበት ሰው አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚበልጠው የፖታሲየም ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጡት ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ልቡ ደክሞ እግሩ ላበጠ ሰው ታላቅ ዕረፍት ሰጡ፤ ዳሩ ግን ከሽንቱ ጋር ፖታሲየም የተባለውን ጨው ከሰውነት ስለሚያወጡ እርሱን መተካት ግድ ሆነ። የፖታሲየም ጨው ጣዕሙ ክፉ ነው፥ ጨጓራንም ያውካል። ስለዚህ መድኃኒት ሠሪዎች በጨጓራ ውስጥ የማይሟሟ ሽፋን አልብሰው ወደ አንጀት እንዲወርድ አደረጉት። በ1964 ከአሜሪካና ከስዊድን የወጡ ሪፖርቶች የብልሃቱን ፍጻሜ አሳዩ፤ ኪኒኑ በቀጭኑ አንጀት ውስጥ በአንድ ስፍራ ሲሟሟ በዚያው ዙሪያውን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው አንጀቱን እንደ ቀለበት ያጠብበዋል፤ ሕመምተኛው ሆዱ ተዘግቶ ለቀዶ ጥገና ይቀርባል። ጨጓራን ለማዳን ሲባል ቁስሉ አንድ ክንድ ወደ ታች ወረደ እንጂ አልጠፋም። አስፒሪንም እንደዚሁ ሽፋን ለብሶ ይሸጣል፤ ሽፋኑ የማቃጠሉን ስሜት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከደም መፍሰስ እንደማያድን ኋላ በጥናት ተረጋግጧል።

ስለ ምን እንደማያድን የተረዳነው በ1971 ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፒሪን በሰውነት ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ነገሮች እንዳይሠሩ እንደሚከለክል አሳዩ፤ በ1982ም ከሁለት የስዊድን ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። ጨጓራ ሥጋን የሚፈጭ አሲድ በውስጡ ይዞ ሳለ ራሱን የማይፈጨው በንፍጥ የመሰለ ሽፋን ስለሚጋረድና ደም በግድግዳው ውስጥ በሚገባ ስለሚዘዋወር ነው። ይህን ጥበቃ የሚያዝዙት ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው። በደም ውስጥ ደግሞ ፕላትሌት የተባሉት ደቃቃ ሕዋሳት ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ነገር ሠርተው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ደምም በዚህ ይረጋል። አስፒሪን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስቆማቸዋል። ፕላትሌት ኒውክልየስ የለውምና የጠፋበትን መልሶ ለመሥራት አይችልም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ እንደ ተቀጣ ይኖራል። ትንሽ መጠን ለልብ የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ በደም ተሸክሞ ወደ ጨጓራ ግድግዳ ተመልሶ ይመጣልና ኪኒኑን በሽፋን መጠቅለል ነገሩን አይለውጠውም። የማያቆስል አስፒሪን ፈልጎ ማግኘት እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልብን የሚጠብቀውና ጨጓራን የሚያጋልጠው ያው አንዱ ሥራ ነውና።

የክሬቨን አሳብ በትክክለኛ ሚዛን የተመዘነው ከሞታቸው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1988 በወጣው አይሲስ-2 በተባለው ጥናት በልብ ድንገተኛ ሕመም የተያዙ 17,187 ሰዎች ተመዝግበው፥ በቀን 160 ሚሊግራም ያህል፥ ማለት ግማሽ ኪኒን፥ ለአንድ ወር የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም መሞታቸው በ23 ከመቶ ቀነሰ። ዋጋው ከማንኛውም መድኃኒት ያነሰ ኪኒን እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ ወዲያ ጤነኛውም ሁሉ በየቀኑ ይዋጥ ጀመር። ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነበር፤ ትንሹም መጠን ከባድ የሆድ ደም መፍሰስን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ያበዛልና፥ ልቡን ታሞ ለማያውቅ ሰው፥ ይልቁንም ለሽማግሌ፥ ጉዳቱ ጥቅሙን ሊያህል ወይም ሊበልጥ ይችላል። በ2022 የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ጉባኤ ዕድሜአቸው 60 የሞላና የልብ ሕመም የሌለባቸው ሰዎች አስፒሪን እንዳይጀምሩ መክሯል። ቀድሞ ልቡን ለታመመ ሰው ግን ኪኒኑ አሁንም ሕይወት ነው፤ ሆዱን ስላቃጠለው ብቻ ሐኪም ሳይጠይቅ ቢያቋርጠው ልቡን ለአደጋ ይሰጣል።

በጨጓራ በኩልም ሌላ ነገር ተገልጦ ነበር። በ1982 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በቆሰለ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠማማ ባክቴሪያ ለይተው አሳደጉ፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ነው። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው ታመሙ፤ በ2005ም ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት አገኙ። እንግዲህ ሆድን የሚያቆስሉ ሁለት ዋና ዋና ጠላቶች ታወቁ፤ ባክቴሪያውና እንደ አስፒሪን ያሉት መድኃኒቶች። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ደግሞ ይደጋገፋሉ። በ2022 ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አስፒሪን ከሚወስዱ ሽማግሌዎች ባክቴሪያው ሲጠፋላቸው ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል የደም መፍሰሱ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ያዮን ያነሣንበት ምክንያት አሁን ግልጽ ይሆናል። በአውሮፓ የልብ መድኃኒት የሚውጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደም ሥሩ የጠበበበት ሽማግሌ ነው። በእኛ አገር ግን ከልብ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በሽታቸውም ያ በ1876 ማክላገን ያከሙት የሩማቲዝም ትኩሳት የተወው ጠባሳ ነው። በ2015 በታተመ ጥናት በጂማ ከ1,000 ተማሪዎች ወደ 31 በሚሆኑት፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ደግሞ ወደ 20 በሚሆኑት ላይ ይህ የልብ ሕመም ምልክቱ ታይቷል፤ ተማሪዎቹ ግን ሕመም አይሰማቸውም ነበር። ጂማ ለያዮ ጎረቤት ናት። በሽታው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው፤ «ቶንሲል ነው» ተብሎ በሚናቅ ሕመም። በአንዳንድ ስፍራ ሰው ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ በመውሰድ ፈንታ እንጥል ያስቆርጠዋል፤ ይህም ደም ከማፍሰስ በቀር በጉሮሮው ያለውን ተሕዋስ አያጠፋውም። ፔኒሲሊን ያጠፋዋል፤ አንድ ጊዜ የታመመውም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ እየተወጋ እንዳይመለስበት ይጠበቃል።

እንዲህ ያለው ሕክምና ወደ ኢሉባቦር የገባው ቀስ ብሎ ነው። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፥ ከ1902ም ውል በኋላ የጋምቤላ ወደብ ሲከፈት፥ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢም ከሱዳን ተነሥተው በዚሁ በምዕራቡ በር በ1919 ገደማ ወደ ሳዮ፥ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ፥ ገብተዋል። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን ለየጠቅላይ ግዛቱ ማሠልጠን ጀመረ። የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት በ1961 በአዲስ አበባ ቆመ፤ የመድኃኒት ቤቶችም ደንብ በ1964 ወጣ። መቱ ዛሬ በኦስትሪያዊው በካርልሃይንዝ ቦም ስም የሚጠራ ሆስፒታል፥ ከ2011 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። በልብ ቀዶ ጥገና በኩል ደግሞ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ለመክፈት በቅቷል።

ልቡ በጠባሳ የጠበበ ወጣት፥ ወይም የብረት በር የተተከለለት፥ ደሙ በልቡ ውስጥ እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መዋጥ ይኖርበታል። በ2022 የወጣ አፍሪካንም የጨመረ ትልቅ ጥናት፥ በሩማቲዝም ልባቸው ለተጎዳና ምቱ ለተዛባ ሰዎች ይህ አሮጌው መድኃኒት ከአዲሱ ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ዋርፋሪን አስፒሪን እንደሚያቆስል ጨጓራን አያቆስልም፤ ነገር ግን አስቀድሞ የቆሰለ ካለ ደሙን አያቆመውም። በአገራችን ያ የማርሻልና የዋረን ባክቴሪያ ከሕዝቡ ከግማሽ በሚበልጠው ላይ እንደሚገኝ በ2019 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ገምቷል። ጨጓራ በአገራችን ምን ያህል የተለመደ ሕመም እንደሆነ ደግሞ ፕሮፌሰር እደ ማርያም ጸጋ ገና በ1981 የ300 ኢትዮጵያውያንን የጨጓራ ምርመራ ውጤት በማሳተማቸው ከመላ ምት ወጥቶ በመሣሪያ የታየ ነገር ሆኗል።

እንግዲህ ከመቱ ዋርፋሪን ይዞ ወደ ያዮ የተመለሰውን ሰው እናስብ። ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ በየጊዜው ማስለካት አለበት፤ ለዚህም መንገድ መሄድ አለበት። በቡና ለቀማ ወራት ወገቡን ቢያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል፤ ይህ መድኃኒት የአስፒሪን የቅርብ ዘመድ መሆኑን የነገረው ላይኖር ይችላል። አፈ ልቡን ቢያቃጥለው ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፤ ተልባው ስሜቱን ያለዝበው ይሆናል፥ ቁስሉን ግን አይዘጋውም። ቢጾም፥ ሙስሊምም ቢሆን ክርስቲያን፥ ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ይውጠዋል ወይም ጭራሽ ያልፈዋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ከሆድ ውስጥ ደም የፈሰሰ መሆኑ ነው፤ እርሱ ግን የበላውን ምግብ ይከስሳል። አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣው፥ ለእንዲህ ያለው ሰው ከልብ መድኃኒቱ ጋር ሊታዘዝለት የሚችል ነው፤ የሚታዘዝለትም ስለ ሌላው ኪኒን የጠየቀው ሐኪም ሲያገኝ ነው።

ታሪኩ በለንደን 40 ዓመት የፈጀው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት የብዙ ሕፃናትን እጅና እግር ማበላሸቱ በ1961 ከታወቀ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 በ10 አገሮች የመድኃኒትን ጉዳት የሚከታተል ሥራ ጀመረ፤ ከ1978 ጀምሮም መዝገቡ በስዊድን በኡፕሳላ ከተማ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በ1999 በአዋጅ ተቋቋመ፤ አገራችንም በ2008 የዚህ የዓለም ማኅበር ሙሉ አባል ሆነች። ከዚህ ወዲህ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስም ሆነ መድኃኒት ቀማሚ መድኃኒት አድርሶታል ብሎ የጠረጠረውን ጉዳት በቅጽ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ሊልክ ይችላል፤ ከዚያም ወደ ኡፕሳላ ይሄዳል። ቅጹም የተጠረጠረውን መድኃኒት ስም፥ መጠኑን፥ የተጀመረበትን ቀን ከጠየቀ በኋላ፥ ሕመምተኛው በዚያው ጊዜ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበረ ይጠይቃል።